በአዋሽ ሸለቆ የመስኖ እርሻና የአፈር ጨዋማነት፤ መንስኤው፣ መለያውና መከላከያው

በአፋር ክልል አሚባራ ወረዳ በአዋሽ ወንዝ ዳርቻ የተዘረጋውን ሜዳ በበጋ ወራት የተመለከተ ሰው በለሙ ማሳዎች መካከል አመዳይ የመሰለ ነጭ ነገር የለበሰ መሬት ማየቱ አይቀርም። ይህ ነጭ ልባስ ጨው ነው። በአንድ ወቅት ጥጥ ይለቀምባቸው ከነበሩ ማሳዎች ጥቂት የማይባሉት በዚሁ ምክንያት ከምርት ውጪ ሆነዋል። መሬቱን ለዚህ ያበቃው ድርቅ ወይም የውኃ እጦት ሳይሆን መውጫ ያልተዘጋጀለት የመስኖ ውኃ ነው።

ኢትዮጵያ ከዝናብ ጥገኝነት ለመላቀቅ የመስኖ እርሻን በስፋት በማስፋፋት ላይ ትገኛለች። የአዋሽ ተፋሰስ ቆላማ አካባቢዎችም ቀድሞ ከሚታወቁባቸው ጥጥና ሸንኮራ አገዳ በተጨማሪ በበጋ ወራት በመስኖ ስንዴ የሚመረትባቸው ሆነዋል። በመሆኑም ከስድሳ ዓመት በላይ የመስኖ ታሪክ ያለው የአዋሽ ሸለቆ ያለፈበትን ተሞክሮ ማወቅ አዲስ ቦይ ለሚቆፍር ሁሉ ጠቃሚ ነው። ይህ ጽሑፍ የአፈር ጨዋማነት እንዴት እንደሚከሰት፣ በምን እንደሚለይና በምን ዘዴ መከላከል እንደሚቻል ያብራራል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአዋሽ ወንዝና የመስኖ እርሻ አጀማመር

የአዋሽ ወንዝ በምዕራብ ሸዋ ጊንጪ አካባቢ ከሚገኘው ደጋ ተነስቶ የስምጥ ሸለቆን ተከትሎ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይፈሳል። 1 ሺህ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላም ባሕር ሳይደርስ በኢትዮጵያና በጅቡቲ ድንበር በሚገኘው የአቤ ሐይቅ ያበቃል። ይህ የወንዙ ባሕርይ ለጨዋማነት ጉዳይ ልዩ ትርጉም አለው። ወደ ባሕር የሚገባ ወንዝ ከመሬት አጥቦ የሚወስደውን ጨው ይዞ ከአገር ይወጣል። አዋሽ የሚሸከመው ጨው ግን ወይ በእርሻ ማሳዎች ላይ ወይ በታችኛው ተፋሰስ ሐይቆች ውስጥ ይቀራል።

ዘመናዊ የመስኖ እርሻ በተፋሰሱ የተጀመረው በ1950ዎቹ ነው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1954 ሥራ ሲጀምር፣ በ1960 የተመረቀው የቆቃ ግድብ ደግሞ ከኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጨት በተጨማሪ የወንዙ ውኃ ዓመቱን ሙሉ ተመጣጥኖ እንዲፈስ አስችሏል። በ1962 የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። በዚያው አሥርት ዓመት መጀመሪያ ሚቼል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በተንዳሆ የጥጥ እርሻ የመሠረተ ሲሆን፣ በአሥርት ዓመቱ መጨረሻ ደግሞ የመተሐራ ስኳር ፋብሪካ ወደ ሥራ ገባ። በመካከለኛው አዋሽ የቆላ ሰብሎችን የሚያጠናው የወረር ግብርና ምርምር ማዕከልም የዚሁ ዘመን ውጤት ነው።

እርሻዎቹ የተስፋፉበት መሬት ግን ባዶ አልነበረም። በክረምት የወንዙ ሙላት የሚሸፍነውና ሙላቱ ሲመለስ ሣር የሚያበቅለው ዳርቻ የአፋር አርብቶ አደሮች የበጋ ግጦሽ ነበር። ከብቶቻቸውን ከድርቅ የሚያሻግሩበት መሬት በጥጥና በአገዳ ሲሸፈን አርብቶ አደሮቹ ወደ ደረቁ ሜዳ ተገፉ። ዛሬ በጨው ምክንያት ከምርት ውጪ የሆነ እያንዳንዱ ሄክታር ሁለት ጊዜ የጠፋ መሬት ነው የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው፤ አንድ ጊዜ ከግጦሽ፣ ሌላ ጊዜ ከእርሻ።

ጨው ከየት ይመጣል?

ብዙዎች ጨዋማነት የባሕር ወይም የጨው ሐይቅ ዳርቻ ችግር ብቻ ይመስላቸዋል። ይሁን እንጂ ለመጠጥ የሚሆን ንጹሕ የወንዝ ውኃ እንኳ ከዓለትና ከአፈር አሟሙቶ ያመጣው ጨው በውስጡ አለው። በአንድ ሊትር ውስጥ ግማሽ ግራም ጨው የያዘ ውኃ ለመስኖ ተስማሚ ከሚባለው ክልል የሚመደብ ነው። ነገር ግን አንድ አርሶ አደር በአንድ የምርት ወቅት በሄክታር 10 ሺህ ሜትር ኩብ እንዲህ ያለ ውኃ ቢያጠጣ በዚያች ሄክታር ላይ 5 ሺህ ኪሎ ግራም ወይም 50 ኩንታል ጨው አራግፏል ማለት ነው።

ሰብሉ ውኃውን ሲጠጣና ፀሐይ ከአፈሩ ላይ ስታተን የሚሄደው ውኃው ብቻ ነው። ጨው አይተንም፤ ሰብሉም ከጨው የሚወስደው እጅግ ጥቂቱን ነው። ከዚህም የተነሣ በቂ ዝናብ በሌለበት አካባቢ ጨዉ ከዓመት ዓመት በአፈሩ ውስጥ ይጠራቀማል። የመካከለኛው አዋሽ ዓመታዊ የዝናብ መጠን በአማካይ 600 ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ ሲሆን፣ የአካባቢው ሙቀት በዓመት ሊያተን የሚችለው የውኃ መጠን ከ2 ሺህ ሚሊ ሜትር በላይ ነው። በደጋው ዝናቡ ራሱ አፈሩን የሚያጥብ ሲሆን፣ በቆላው ግን ይህ የተፈጥሮ አጠባ የለም።

ሁለተኛው የጨው መንገድ ከታች ወደ ላይ ነው። ከሚፈለገው በላይ የፈሰሰ መስኖና ከአፈር ቦዮች የሚሰርገው ውኃ ወደ ታች ወርዶ የከርሰ ምድር ውኃን ከፍ ያደርጋል። የከርሰ ምድር ውኃው ከመሬት ወለል ከ1 ነጥብ 5 እስከ 2 ሜትር ባነሰ ጥልቀት ላይ ሲደርስ፣ የፋኖስ ክር ጋዙን ወደ ላይ እንደሚስበው ሁሉ በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ያሉ ቀጫጭን ክፍተቶችም ውኃውን ወደ ላይ ይስቡታል። ውኃው ወለሉ ላይ ደርሶ ይተናል፤ በጉዞው የሰበሰበውን ጨው ግን እዚያው ጥሎት ይሄዳል። በዚህ ደረጃ ላይ የደረሰ ማሳ ውኃ ባይጠጣ እንኳ ጨው መሰብሰቡን አያቆምም። የተተወ ማሳ ከሚታረሰው ይበልጥ በጨው የሚነጣውም ለዚህ ነው።

የአሚባራና የመልካ ሰዲ ተሞክሮ

በመካከለኛው አዋሽ የመልካ ሰዲና የአሚባራ ሰፋፊ የመስኖ እርሻዎች በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ሲገነቡ የአካባቢው የከርሰ ምድር ውኃ ከመሬት ወለል በብዙ ሜትር ጥልቀት ላይ ይገኝ ነበር። በወቅቱ ትኩረት የተሰጠው ወንዙን ለመጥለፍ፣ ዋና ቦዮችን ለመገንባትና የሚለማውን መሬት ለማስፋት ነበር። በቦይና በትልም የሚፈሰው ውኃ ከሰብሉ ፍላጎት በላይ በመሆኑ የከርሰ ምድር ውኃው ከዓመት ዓመት ወደ ላይ ወጣ። መስኖው ከተጀመረ ብዙ ዓመታት ሳይቆይ በዝቅተኛ ማሳዎች ላይ ውኃ መቋጠርና የጨው ልባስ መታየት ጀመረ።

ችግሩ በታወቀ ጊዜ መፍትሔውም አብሮ ታውቋል። በ1980ዎቹ በአካባቢው ከመሬት በታች የተቀበሩ ባለ ቀዳዳ የማፋሰሻ ቧንቧዎች በሙከራ ደረጃ ተዘርግተው ውጤታማነታቸው ከታየ በኋላ ሥራው ወደ ሰፊ ማሳዎች እንዲሸጋገር ተደርጓል። ቧንቧዎቹ የከርሰ ምድር ውኃውን ዝቅ ሲያደርጉ፣ በመስኖ ውኃ የታጠበው ጨው በእነርሱ በኩል ከማሳው እንዲወጣ አስችለዋል። ጨዋማ የነበሩ ማሳዎች ዳግም ጥጥ ለመስጠት እንደሚችሉም በተግባር ተረጋግጧል።

ይሁን እንጂ የማፋሰሻ መስመር አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚረሳ ግንባታ አይደለም። ቧንቧው በደለል ይሞላል፤ መውጫው በሣርና በሸምበቆ ይደፈናል፤ የተሰበሰበውን ውኃ የሚገፋ ፓምፕ ነዳጅ፣ መለዋወጫና ጠባቂ ይሻል። የአስተዳደር ለውጦች በተፈራረቁባቸው ዓመታት ይህ የጥገና ሥራ ሳይቋረጥ ባለመቀጠሉ የማፋሰሻ ሥርዓቱ የሚጠበቅበትን አገልግሎት መስጠት አልቻለም። ከ1991 በኋላ ከመንግሥት እርሻዎች የተወሰነው መሬት ለአፋር ጎሳዎች ሲመለስም ከመሬቱ ጋር የተመለሰው የጨው ችግር ጭምር ነበር።

በጨው ምክንያት የተተዉ ማሳዎች ባዶ ሆነው አልቀሩም። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ለጥላና ለአፈር ጥበቃ ተብሎ ወደ አካባቢው የገባው ፕሮሶፒስ የተባለው እሾሃማ ዛፍ ጨውንና ድርቅን የመቋቋም ችሎታ ስላለው በእነዚህ ማሳዎች ላይ በቀላሉ ተስፋፍቷል። በዚህም መሬቱን መልሶ ለማልማት ጨውን ከማጠብ በፊት ዛፉን ከነሥሩ መንቀል የሚጠይቅ ተጨማሪ ወጪ ተፈጥሯል።

የበሰቃ ሐይቅ ተጨማሪ ሥጋት

በመካከለኛው አዋሽ የሚገኙ አልሚዎች የሚጠቀሙበት ውኃ ከላይኛው ተፋሰስ የሚመጣ በመሆኑ እዚያ የሚደረገው ሁሉ ይነካቸዋል። ለዚህ በቂ ማሳያ የሚሆነው በመተሐራ ከተማ አጠገብ የሚገኘው የበሰቃ ሐይቅ ነው። ሐይቁ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ይሸፍን የነበረ ሲሆን፣ በአምስት አሥርት ዓመታት ውስጥ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። የሐይቁ መስፋፋት የግጦሽና የእርሻ መሬት ከማጥለቅለቁም በላይ ወደ ጅቡቲ የሚያመራውን የመኪና መንገድና ነባሩን የባቡር ሐዲድ ሥጋት ላይ ጥሎ መንገዱ በተደጋጋሚ ከፍ ተደርጎ እንዲሠራ አስገድዷል።

ለመስፋፋቱ ምክንያት ከሚጠቀሱት መካከል ከአካባቢው የመስኖ እርሻዎች የሚሰርገው ውኃና ከስምጥ ሸለቆው የመሬት ውስጥ እንቅስቃሴ ጋር የተያያዘው የከርሰ ምድር ውኃ ፍሰት ይገኙበታል። የሐይቁ ውኃ ሶዲየምና ፍሎራይድ የበዛበት በመሆኑ ለመጠጥም ሆነ ለመስኖ አይሆንም። ሐይቁ ከተማውን እንዳያጥለቀልቅ ከ2000ዎቹ ጀምሮ ትርፍ ውኃው ከአዋሽ ጋር እየተቀላቀለ እንዲለቀቅ ሲደረግ ቆይቷል። ይህ እርምጃ የመተሐራን ሕዝብ ከአደጋ የሚጠብቅ ቢሆንም በታች የሚገኙ አልሚዎች የሚቀዱት ውኃ የጨው መጠን እንዲጨምር ያደርጋል። በተለይ ወንዙ በሚቀንስበት የበጋ ወቅት የሚለቀቀው ውኃ መጠን ከወንዙ ፍሰት ጋር ካልተመጣጠነ ጉዳቱ የከፋ ይሆናል።

የተጎዳ አፈር ዓይነቶችና መለያቸው

በጨው የተጎዳ አፈር ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ሕክምናው የሚለያይ በመሆኑ ዓይነቱን አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ጨዋማ አፈር ነው። በውኃ ከራሰ የአፈር ናሙና የሚጨመቀው ፈሳሽ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ሲለካ ከ4 ዴሲ ሲመንስ በሜትር በላይ ከሆነ አፈሩ ጨዋማ ይባላል። ጨው የበዛበት ውኃ ኤሌክትሪክን በይበልጥ ስለሚያስተላልፍ ልኬቱ የጨዉን መጠን ያመለክታል። ይህ አፈር ሲደርቅ በላዩ ነጭ ልባስ ይታይበታል። ሰብሉ በቦታ በቦታ ሳይበቅል ይቀራል፤ የበቀለውም ቅጠሉ ጠቁሮ ይቀጭጫል፤ የቅጠሉ ጫፍም ይቃጠላል። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ተክሉ በውኃ ጥም እንደተያዘ ሁሉ ይጠወልጋል። ምክንያቱም በአፈሩ ውስጥ ያለው ጨው ውኃውን ስለሚይዘው ሥሩ ሊስበው አይችልም።

ሁለተኛው ሶዲየም የበዛበት አፈር ነው። በዚህ አፈር አጠቃላይ የጨው መጠኑ ዝቅተኛ ሊሆን ቢችልም የአፈሩ ቅንጣቶች ከያዟቸው ንጥረ ነገሮች 15 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆነው ሶዲየም ነው፤ የአፈሩ ፒኤችም ብዙውን ጊዜ ከ8 ነጥብ 5 በላይ ይሆናል። ሶዲየም የአፈሩን ቅንጣቶች ስለሚበታትናቸው ውኃና አየር የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች ይደፈናሉ። መስኖ ሲለቀቅበት ውኃው ላዩ ላይ ቆሞ ይቀራል፤ ሲደርቅም እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ አንዳንዴም ጥቁር ልባስ ይታይበታል።

ሦስተኛው ሁለቱንም ባሕርያት አጣምሮ የያዘ አፈር ሲሆን አያያዙ ከፍተኛ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ይህን አፈር ያለ ሌላ ዝግጅት በንጹሕ ውኃ ብቻ ማጠብ ጨዉን አውጥቶ ሶዲየሙን ያስቀራል። ይህም የተሻለ የነበረውን የአፈር አወቃቀር አፍርሶ ማሳውን ውኃ ወደማያሳልፍ አፈር ሊለውጠው ይችላል። ስለሆነም ማሳ ከመታጠቡ በፊት ከ0 እስከ 30፣ ከ30 እስከ 60 እና ከ60 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት የአፈር ናሙና ወስዶ በላቦራቶሪ ማስመርመር ተገቢ ነው።

ሰብሎች ጨውን የሚቋቋሙት በምን ያህል ነው?

እያንዳንዱ ሰብል ምርቱ ሳይቀንስ ሊሸከመው የሚችለው የጨው መጠን አለው። በዓለም አቀፍ ደረጃ በሚሠራባቸው ሠንጠረዦች መሠረት የገብስ ወሰን 8፣ የጥጥ 7 ነጥብ 7፣ የስንዴ 6 ዴሲ ሲመንስ በሜትር ነው። የቲማቲም 2 ነጥብ 5፣ የበቆሎና የሸንኮራ አገዳ 1 ነጥብ 7፣ የበርበሬ 1 ነጥብ 5፣ የሽንኩርት 1 ነጥብ 2፣ የቦሎቄ ደግሞ 1 ብቻ ነው።

ጨዉ ከወሰኑ ባለፈ ቁጥር ምርቱ ይቀንሳል። ከወሰኑ በላይ ለሚጨምረው ለእያንዳንዱ አንድ ዴሲ ሲመንስ የጥጥ ምርት 5 በመቶ፣ የስንዴ 7 በመቶ፣ የበቆሎ 12 በመቶ፣ የሽንኩርት 16 በመቶ፣ የቦሎቄ ደግሞ 19 በመቶ ያህል ይቀንሳል። በዚህ ስሌት 4 ዴሲ ሲመንስ በደረሰ ማሳ ላይ ጥጥ ምንም ሳይጎዳ ሲለማ፣ ሽንኩርት የዘራ አርሶ አደር ከምርቱ ግማሽ ያህሉን ሊያጣ ይችላል ማለት ነው።

ጥጥ ለረጅም ዘመን በአዋሽ ሸለቆ መልማቱ በአንድ በኩል ችግሩ ተሸፍኖ እንዲቆይ አድርጓል። ጨዉ እየጨመረ ሲሄድ ጥጡ ችሎ ስለቆየ ማሳው ጤነኛ መስሎ ታይቷል። ጥንታዊቷ ሜሶፖታሚያ በዛሬዋ ኢራቅ ምድር ባለፈችበት መንገድም ስንዴ ቀስ በቀስ ቦታውን ጨው ለሚቋቋመው ገብስ እንደለቀቀ የታሪክ አጥኚዎች ጽፈዋል። ጨው ቻይ ሰብል መምረጥ ጊዜ ይሰጣል እንጂ ጨውን አያስወግድም።

መከላከያውና ማሻሻያው

ጨዋማነትን ለመቆጣጠር በተግባር የተፈተኑ ዘዴዎች አሉ። ከእነዚህም ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ ውኃን መጥኖ ማጠጣት ነው። ማሳን በሚገባ መደልደል፣ የትልሞችን ርዝመት ማሳጠር፣ ውኃ የሚያሰርጉ ቦዮችን በሲሚንቶ ወይም በሌላ ነገር መለበጥና ሰብሉ በሚፈልግበት ጊዜ ብቻ ማጠጣት የከርሰ ምድር ውኃ እንዳይጨምር ይረዳል። ሌሊት ያለ ጠባቂ በማሳ ላይ የሚለቀቅ ውኃ ቀን የተደረገውን ቁጠባ ያጠፋል። የጠብታ መስኖ ውኃን በእጅጉ ቢቆጥብም ጨዉን በረጠበው አፈር ጠርዝ ላይ ስለሚሰበስበው ከምርት በኋላ ማሳውን በዝናብ ወይም በተጨማሪ ውኃ ማጠብ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ ማጠብ ነው። ሰብሉ ከሚያስፈልገው በላይ የተወሰነ ትርፍ ውኃ በመጨመር ጨዉን ከሥር ክልል በታች ማውረድ ይቻላል። በተለመደው ስሌት የመስኖ ውኃው 0 ነጥብ 8 ዴሲ ሲመንስ ቢሆን ለጥጥ የሚያስፈልገው ትርፍ 2 በመቶ፣ ለበቆሎ 10 በመቶ፣ ለሽንኩርት ደግሞ 15 በመቶ ያህል ነው። አስቀድሞ ጨዋማ የሆነን ማሳ ለማሻሻል ግን የበለጠ ውኃ ያስፈልጋል። በአጠቃላይ መመሪያነት አንድ ሜትር ጥልቀት ያለውን አፈር አንድ ሜትር ከፍታ ባለው ውኃ ማጠብ ከሟሚው ጨው 80 በመቶ ያህሉን ያስወግዳል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ጉዳይ አለ። በትልም በሚጠጣ ማሳ ወደ ታች የሚሰርገው ውኃ ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ መጠኖች ይበልጣል። ይህም ማለት አብዛኛው ማሳ ለማጠቢያ የሚሆን ውኃ አልጎደለውም፤ የጎደለው የታጠበው ጨው የሚወጣበት በር ነው።

ሦስተኛውና ዋናው ስለዚህ ማፋሰሻ ነው። ማፋሰሻ በሌለበት ማሳ ላይ የሚደረግ አጠባ የከርሰ ምድር ውኃውን ከፍ አድርጎ ጨዉን መልሶ ያመጣዋል። ማፋሰሻው ጥልቅ የተከፈተ ቦይ ወይም የተቀበረ ባለ ቀዳዳ ቧንቧ ሊሆን ይችላል። የግብፅ ተሞክሮ በዚህ ረገድ ተጠቃሽ ነው። የአስዋን ታላቁ ግድብ በ1970 ከተጠናቀቀ በኋላ ዓመቱን ሙሉ በሚሰጠው መስኖ የተነሣ የከርሰ ምድር ውኃ ከፍ በማለቱ አገሪቱ አብዛኛውን የመስኖ መሬቷን በተቀበረ ማፋሰሻ ለመሸፈን ለአሥርት ዓመታት ስትሠራ ቆይታለች። ከማሳ የሚወጣው ጨዋማ ውኃ ወዴት እንደሚሄድም አስቀድሞ መታሰብ አለበት። ወደ ወንዙ ከተመለሰ በታች ላለው ጎረቤት የመስኖ ውኃ ይሆናልና።

አራተኛ፣ ሶዲየም ለበዛበት አፈር በተለምዶ ጀሶ የሚባለውን ጂፕሰም መጨመር ነው። በጀሶ ውስጥ ያለው ካልሲየም በአፈሩ ቅንጣቶች ላይ የተጣበቀውን ሶዲየም አላቅቆ ቦታውን ይይዛል። የተላቀቀው ሶዲየም ደግሞ በአጠባ ከሥር ክልል ይወርዳል። ጀሶ በዓባይ ሸለቆና በሌሎች የአገሪቱ አካባቢዎች የሚገኝ ማዕድን ቢሆንም የሚያስፈልገው መጠን በአፈር ምርመራ መወሰን ይኖርበታል።

አምስተኛ፣ የአፈርን ጤንነት መመለስ ነው። ፍግ፣ ብስባሽና የሰብል ተረፈ ምርት ወደ አፈር ሲመለሱ የአፈሩን አወቃቀር አሻሽለው ውኃ ወደ ውስጥ እንዲዘልቅ ያደርጋሉ። ማሳን በገለባ መሸፈንም ትነትን ስለሚቀንስ ከታች የሚወጣውን ጨው ይገታል። በትልም መስኖ ጨው በመደቡ አናት መካከል ላይ ስለሚሰበሰብ ዘርን ከአናቱ ይልቅ በመደቡ ጎን መዝራት ለቡቃያው ይጠቅማል። ከመዝራት በፊት ማሳን ማጠጣትም ጨው በቀላሉ የሚጎዳውን ቡቃያ ያድናል።

ስድስተኛ፣ ክፉኛ የተጎዱ ማሳዎችን በጨው ቻይ የመኖ ተክሎች መሸፈን ነው። በወረር የምርምር ማዕከል ሮድስን የመሳሰሉ የመኖ ሣሮች በጨዋማ አፈር ላይ ተሞክረዋል። ሣሩ መሬቱን ሸፍኖ ትነትን ይቀንሳል፤ ሥሩም አፈሩን ይከፍታል። ይህ ዘዴ በአፋር ልዩ ጥቅም አለው። የግጦሽ መሬታቸው ወደ እርሻ ለተለወጠባቸው አርብቶ አደሮች ያው መሬት መኖ ሆኖ የሚመለስበት መንገድ ነውና።

ክትትሉ የማን ነው?

ጨዋማነት በአንድ ቀን የሚከሰት አደጋ ባለመሆኑ ባለቤት ያጣል። ጎርፍ ሲመጣ ሁሉም ይሮጣል፤ የከርሰ ምድር ውኃ በዓመት ጥቂት አሥር ሳንቲ ሜትር ሲጨምር ግን ማንም አያየውም። ነጩ ልባስ ሲታይ ደግሞ ጉዳቱ ከደረሰ ብዙ ጊዜ ሆኖታል። ይህን ለማስቀረት የሚያስፈልገው መሣሪያ ቀላል ነው። በማሳዎች መካከል ሁለትና ሦስት ሜትር ጥልቀት ድረስ የገባ ባለ ቀዳዳ ቱቦ በየወሩ በሜትር ገመድ ቢለካ የከርሰ ምድር ውኃው ወዴት እያመራ እንደሆነ ይናገራል።

የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራትን ለማቋቋም በ2014 የወጣው አዋጅ ቁጥር 841 አርሶ አደሮችና ከፊል አርብቶ አደሮች የመስኖ አውታራቸውን በጋራ እንዲያስተዳድሩና ለጥገና የሚውል ክፍያ እንዲሰበስቡ የሕግ መሠረት ሰጥቷል። በብዙ ቦታ ማኅበራት የሚሰባሰቡት ውኃ የሚያመጣውን ቦይ ለመጥረግ ነው፤ ውኃ የሚያወጣውን ቦይ መጥረግም የዚያው ያህል የጋራ ሥራ ሆኖ በመተዳደሪያ ደንባቸው ሊካተት ይገባል። የበላይ አልሚው ማፋሰሻ የታች አልሚው ቦይ በመሆኑም ጉዳዩ በአንድ ማኅበር የሚያበቃ አይደለም። ከወንጂ እስከ አሳይታ ያሉ ተጠቃሚዎችን የሚያገናኝ የተፋሰስ አስተዳደር ያስፈልገዋል።

የመንግሥታቱ ድርጅት የምግብና ግብርና ድርጅት በታኅሣሥ 2024 ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ 1 ነጥብ 38 ቢሊዮን ሄክታር ያህል መሬት በጨው መጎዳቱን ይፋ አድርጓል። ይህም ከምድር የብስ ከ10 በመቶ በላይ ነው። በኢትዮጵያም የስምጥ ሸለቆና የምሥራቅ ቆላማ አካባቢዎች ለችግሩ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። አዲስ የሚለሙት የመስኖ መሬቶች ብዙዎቹ በእነዚሁ አካባቢዎች መገኘታቸው ጉዳዩን አጣዳፊ ያደርገዋል።

የአዋሽ ሸለቆ የስድሳ ዓመት ተሞክሮ የሚያስተምረው ግልጽ ነው። አዲስ የመስኖ ፕሮጀክት ሲታቀድ ማፋሰሻውን ገንዘብ ሲገኝ ወደፊት የሚሠራ ተጨማሪ ሥራ አድርጎ መተው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወጪ የሚቀንስ ይመስላል። ሆኖም የቀነሰው ወጪ ከአሥርና ከሃያ ዓመት በኋላ መሬቱን ራሱን ያስከፍላል። ውኃ ወደ ማሳው የሚገባበት ቦይ ሲቆፈር የሚወጣበትም ቦይ አብሮ ሊቆፈር፣ በጀቱም ጠባቂውም አብሮ ሊመደብለት ይገባል።